ከልብ ወለድ የመጡ፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ የዞምቢ ፊልሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከብሎካችን ጎን ባለው ኮሚናል፣ ተሰብስበን ፊልም እናያለን። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ይሰቀላል፣ ፕሮጀክተሩ በኪራይ ይመጣል፣ ወንበሩን ሁሉም ከየቤቱ ይዞ ይወርዳል። ሰሞኑን የያዝነው አንድ ዓይነት ፊልም ብቻ ነው፦ ከልብ ወለድ መጽሐፍ የተወሰዱ፣ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ የዞምቢ ፊልሞች። አይተን ስንጨርስ ቁጭ ብለን እናወዳድራለን። ደረጃ ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ እድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዞምቢ ግን ምንድን ነው?

ቃሉ የመጣው ከሄይቲ ነው። የሄይቲው ዞምቢ ሰው አይበላም። ሞቶ የተነሳ፣ ፈቃዱን የተነጠቀ፣ ለሌላ ሰው ሲለፋ የሚኖር በድን ነው። በባርነት ዘመን ከሸንኮራ እርሻ የወጣ ፍርሃት ነው፤ ሞት እንኳን ከሥራ አያሳርፍህም የሚል። ዊልያም ሲብሩክ የተባለ አሜሪካዊ በ1929 ስለ ሄይቲ በጻፈው መጽሐፍ ቃሉን ለአሜሪካ አንባቢ አስተዋወቀ። በ1932 «ዋይት ዞምቢ» የተባለው ፊልም ተከተለ። በመንጋ እየሄደ ሰው የሚበላው ዞምቢ የመጣው ግን ከአሜሪካዊው ዳይሬክተር ከጆርጅ ሮሜሮ ነው፣ በ1968።

እኛ ዘንድስ? ይህን የጠየቁኝ አንድ ጋሼ ነበሩ፣ መልሱንም ራሳቸው ሰጡኝ። በገጠር የቆየ ወሬ አለ። ቡዳ የበላውን ሰው ከመቃብር ያወጣዋል፣ ቤቱ ወስዶም ለሰባት ዓመት ያገለግልበታል ይባላል። ከሄይቲው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ወሬ በሸክላ ሠሪውና በቀጥቃጩ ላይ ስንት ግፍ እንዳስከተለ ስለምናውቅ ለጨዋታ ብለን አናነሳውም። ግን የሞተ ሰው ተነስቶ ሲሠራ የማየት ፍርሃት ለኛ እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል።

«ትንሽ በጀት» ስትሉ ስንት ነው?

እንደ አገሩ ነው። የሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ወደ 114 ሺህ ዶላር ፈጅቷል። እንግሊዞቹ «ዘ ገርል ዊዝ ኦል ዘ ጊፍትስ»ን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሠርተዋል። በሌላ በኩል ብራድ ፒት የሚሠራበት «ወርልድ ዋር ዚ» ወደ 190 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። 4 ሚሊዮን ፓውንድ ለኛ ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። ከ190 ሚሊዮን ጎን ስታስቀምጡት ግን የሻይ ብር ነው። «ኮሊን» የሚባል የ2008 የእንግሊዝ ፊልም ደግሞ በ45 ፓውንድ ነው የተሠራው። ከመጽሐፍ ስላልመጣ ዝርዝራችን ውስጥ አልገባም እንጂ ቁጥሩን ስነግራቸው ልጆቹ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ለምን ከመጽሐፍ የመጡትን ብቻ?

መጽሐፍ ላይ ከተማ ማቃጠል አንድ መስመር ነው። ደራሲው «ከተማው ነደደ» ብሎ ይጽፋል፣ ሳንቲም አይከፍልም። ዳይሬክተሩ ግን እሳት መግዛት አለበት፣ መንገድ ማዘጋት አለበት፣ የሚሮጥ ሰው መቅጠር አለበት። ብር ከሌለው መቁረጥ ግድ ነው። ምኑን ይቆርጣል? ምኑን ያስቀራል? ዳይሬክተሩ መጽሐፉን አንብቦ ገብቶት እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ብር ያለው ሰው ሁሉንም ሊያሳይ ይሞክራል፣ ስለዚህ የመጽሐፉን ልብ የቱ ጋ እንዳየው መለየት ያስቸግራል። ብር የሌለው መምረጥ አለበት። እኔ የምወደው ያንን ምርጫ ነው። የምናወዳድረውም ምርጫቸውን ነው።

ከየትኛው እንጀምር?

ከ«ዘ ላስት ማን ኦን ኧርዝ»፣ «በምድር ላይ የቀረው የመጨረሻው ሰው»። በ1964 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የመጣው ሪቻርድ ማቲሰን በ1954 ካሳተመው «አይ አም ሌጀንድ» ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት በእርግጥ ዞምቢ ሳይሆኑ ቫምፓየር ናቸው። ደም ይጠጣሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ይፈራሉ። ፊልሙ ላይ ግን ቀስ እያሉ፣ እየተንገዳገዱ፣ በሩን እየደበደቡ ይመጣሉ። ሮሜሮ ራሱ ሐሳቡን ከማቲሰን መጽሐፍ እንደወሰደ ተናግሯል። ስለዚህ ዛሬ ዞምቢ የምንለው ሁሉ ዘሩ ቢቆጠር እዚህ መጽሐፍ ላይ ይደርሳል።

መጽሐፉ ሎስ አንጀለስ ነው የሚካሄደው። ፊልሙ የተቀረጸው ሮም ነው፣ ጣሊያን ርካሽ ስለነበረ። ከተማው አሜሪካ ነው ይባላል፤ ከጀርባ የሚታየው ሕንፃ ግን የሙሶሊኒ ዘመን ነው። መርካቶን ወይም ፒያሳን የሚያውቅ ሰው የጣሊያን ሕንፃ ሲያይ ይለየዋል። አንዱ ልጅ ገና በአምስተኛው ደቂቃ «ይሄ የጣልያን ነው!» ብሎ ጮኸ።

የፊልሙ ጥንካሬ ዋናው ተዋናይ ቪንሰንት ፕራይስ ነው። ጠዋት ይነሳል። ግድግዳው ላይ ቀን ይቆጥራል። ነጭ ሽንኩርት ይለውጣል፣ መስታወት ያስተካክላል፣ ሬሳ ይጭናል፣ ወስዶ ጉድጓድ ውስጥ ያቃጥላል። እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ፊቱ ላይ ድካም እንጂ ጀግንነት የለም። በ2007 ዊል ስሚዝ የሠራበት ፊልም ከዚያው መጽሐፍ ነው የመጣው፣ ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ባዶውን ኒውዮርክ ሲያሳይ በእውነት ያስደነግጣል። ጭራቆቹ ግን በኮምፒውተር የተሳሉ ናቸው፣ አንዱም ጎረቤት አይመስልም። በማቲሰን መጽሐፍ የሚያስፈራው ደጅ ቆሞ በስምህ የሚጠራህ ሰው የድሮ ባልደረባህ መሆኑ ነው። የ1964ቱ ይህን ጠብቆታል፣ ትልቁ ጥሎታል።

ማቲሰን ግን የ1964ቱንም አልወደደውም። ከስክሪፕቱ ጸሐፊዎች አንዱ ሆኖ ሳለ በራሱ ስም መጠራት አልፈለገም፣ ሎገን ስዋንሰን በሚል የብዕር ስም ነው የተመዘገበው። እኔ እዚህ ላይ ከደራሲው ጋር አልስማማም።

ከሁሉም የምትወደው የቱን ነው?

«ፖንቲፑል»ን። ሳልደብቅ እናገራለሁ፣ ስለዚህ ፊልም ማውራት ከጀመርኩ አላቆምም።

በ2008 የወጣ የካናዳ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ብሩስ ማክዶናልድ ይባላል። መጽሐፉን የጻፈው ቶኒ በርጀስ ነው፣ ስክሪፕቱንም የጻፈው ራሱ ነው። መጽሐፉ ሰፊ ነው፣ ብዙ ሰው፣ ብዙ ቦታ፣ የተበታተነ ታሪክ አለው። በርጀስ የገዛ መጽሐፉን አብዛኛውን ጣለው። የቀረው አንድ የሬድዮ ጣቢያ ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ። ሦስት ሠራተኞች አሉ። ውጭው በረዶ ነው፣ ማለዳ ነው። ጋዜጠኛው ዜና ያነባል፣ ስልክ ይመጣል፣ ከተማ ውስጥ የሆነ ነገር እየተፈጠረ ነው። እኛ ግን ከተማውን አናየውም። እንሰማዋለን።

በሽታው የሚተላለፈው በንክሻ አይደለም፣ በቃል ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ የተመረዙ ቃላት አሉ። ሰውየው ቃሉን ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ከዚያ ቃሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ይደጋግመዋል፣ ትርጉሙ ይጠፋበታል። ከሁሉ በላይ አደገኞቹ የፍቅር መጥሪያ ቃላት ናቸው። ይህን ስሰማ ያሰብኩት ስለ አማርኛ ነው። «ሆዴ»። «ዓይኔ»። «የኔ ማር»። «እናትዬ»። ሳናስብ በቀን ስንቴ እንላቸዋለን? በሽታው እኛ ጋ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያልቁት እናቶች ነበሩ።

ፊልሙ ላይ ሰዎቹ ከበሽታው ለማምለጥ ወደ ፈረንሳይኛ ይሸሻሉ፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ። እኛ ሰፈር ይህን ሁሉም ወዲያው ገባው። ቱሉ ዲምቱ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገናኛሉ። ከታች አትክልት የምትሸጥልን እህታችን ዋጋ በአማርኛ ትነግረኛለች፣ ወዲያው ዞር ብላ ልጇን በኦሮምኛ ትቆጣለች። ከፊልሙ በኋላ «እኔ እተርፋለሁ፣ እናንተን እንጃ» አለችን።

አንድ የተፈጠረ ነገር ልንገራችሁ። ያን ቀን ፊልሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ግን ቻርጅ ነበረው፣ ላፕቶፑም ባትሪ ነበረው። ላቁመው ስል አንድ ሰው «ተይው፣ ይናገር» አለኝ። ላፕቶፑን ገጠምኩት፣ ድምፁ እንዳይቋረጥ አድርጌ። ጨለማ ውስጥ ሃያ የምንሆን ሰዎች ቁጭ ብለን አዳመጥን። ከተማው ውስጥ ያለው ዘጋቢ ከተደበቀበት የእህል ጎተራ ሆኖ በስልክ የሚያየውን ያወራል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ እኔ ከሥር ከሥር በአማርኛ እተረጉማለሁ። ከኮሚናሉ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ጅብ ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። መብራቱ ሲመጣ ፕሮጀክተሩን መልሼ ላበራው ተነሳሁ፤ ሦስት አራት ሰው አንድ ላይ «አታብሪው» አለኝ። የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ በጨለማ ሰማነው።

ለምን እንደሠራልን ይገባኛል። እዚህ አገር ታሪክን በጆሮ ማየት እናውቅበታለን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬድዮ ሲያነበው የሰሙ ሰዎች በዛብህን በዓይናቸው ያዩት ያህል ነው የሚያወሩት። እናቴ የሰብለ ወንጌልን ፀጉር ትገልጽልኝ ነበር። በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ።

በዚያ ላይ ፊልሙ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አለች። የሬድዮ ጣቢያው ዘጋቢ በሄሊኮፕተር ሆኖ ትራፊክ ይዘግባል ይባላል። ኋላ እንደምንሰማው ሄሊኮፕተር የለም። ሰውየው ኮረብታ ላይ መኪናውን አቁሞ ነው የሚዘግበው፣ የሄሊኮፕተሩን ድምፅ ከጀርባ ያሰማል። በትንሽ ገንዘብ ፊልም መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በተሻለ ማስረዳት አልችልም።

«ገርል ዊዝ ኦል ዘ ጊፍትስ»ስ? ከ«ወርልድ ዋር ዚ» ይሻላል?

ለኔ በብዙ ይሻላል። ሁለቱም ከተወደደ መጽሐፍ የመጡ ናቸው። «ወርልድ ዋር ዚ»ን ማክስ ብሩክስ በ2006 ሲጽፈው ከዞምቢዎቹ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ከተለያየ አገር ሰዎች ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ አድርጎ ነው። መቶ ዓይነት ድምፅ አለው። ፊልሙ ያን ትቶ አንድ ሰው ከአገር አገር በአውሮፕላን ሲሮጥ ያሳየናል። ስሙ ብቻ ነው የቀረው።

የእንግሊዙን የጻፈው ማይክ ኬሪ ነው። መጽሐፉ በ2014 ወጣ፣ ፊልሙ በ2016። መጽሐፉንና ስክሪፕቱን ጎን ለጎን ነው የጻፋቸው፣ ስለዚህ አንዱ የሌላው ቅጂ አይደለም፣ ወንድማማች ናቸው። በሽታው ፈንገስ ነው፣ በእውነቱ ዓለም ጉንዳን ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚያዛት ዓይነት። ሜላኒ የምትባል ትንሽ ልጅ አለች። ትማራለች፣ ታነባለች፣ አስተማሪዋን ትወዳለች፣ ግን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ በቀበቶ ታስራ ነው የምትማረው። ለምን እንደሆነ አንድ ወታደር ያሳየናል፦ ሽታውን የሚሸፍነውን ቅባት ከክንዱ ላይ ጠርጎ ልጅ ፊት ያስጠጋል። ከሰከንድ በፊት ተማሪ የነበረው ልጅ ጥርሱን ማፋጨት ይጀምራል። ለዚህ ትዕይንት ክንድ፣ ምራቅና አንድ ጎበዝ ልጅ ብቻ ነው ያስፈለገው።

በመጽሐፉ ውስጥ ጀንከርስ የሚባሉ ሽፍቶች አሉ፣ ወታደራዊ ካምፑን የሚያጠቁት እነሱ ናቸው። በፊልሙ የሉም። ረሃብተኞቹ (በዚህ ታሪክ ዞምቢዎቹ የሚጠሩት እንዲህ ነው) ራሳቸው አጥሩን ጥሰው ይገባሉ። ስንት ተዋናይ፣ ስንት መኪና እንደዳነ አስቡት። ታሪኩም አልጎደለበትም። ባዶ ለንደንን ለማሳየት ደግሞ ከቼርኖቢል የኑክሌር አደጋ በኋላ ሰው ጥሎት የሄደውን የፕሪፕያትን ከተማ፣ ዩክሬን ድረስ ሄደው በድሮን ቀረጹ። እውነተኛ ባዶ ከተማ ካለ ምን የኮምፒውተር ሥዕል ያስፈልጋል?

ሌላም ለውጥ አለ። በመጽሐፉ ሜላኒ ነጭ ናት፣ አስተማሪዋ ጥቁር። በፊልሙ ተገላበጠ፤ ሜላኒን የሠራችው ሴኒያ ናኑዋ ጥቁር ናት። አንዲት ጥቁር ልጅ ታስራ፣ ጠመንጃ ተደቅኖባት፣ ግን «እንደምን አደራችሁ» ስትል መስማት ከመጽሐፉ የበለጠ ያማል። እኛ ኮሚናል ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ከሷ ጎን ነበሩ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ።

የኮንዶሚኒየም ሰው ሊያየው የሚገባው የትኛውን ነው?

«ዘ ናይት ኢትስ ዘ ወርልድ»፣ «ሌሊቱ ዓለምን በላው»። የ2018 የፈረንሳይ ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሩ ዶሚኒክ ሮሸ። መጽሐፉ በ2012 ፒት አጋርመን በሚል ስም ወጣ። ስሙ የማርቲን ፔጅ ስም ፊደሎች ተበትነው የተሠራ የብዕር ስም ነው። በመጽሐፉ ዋናው ሰውዬ የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲ ነው። በፊልሙ ሙዚቀኛ ሆነ። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ጸሐፊ ብቻውን ሲቀመጥ ካሜራ የሚይዘው ነገር የለም፣ ሙዚቀኛ ግን ከቤት ዕቃ ሙዚቃ ያወጣል።

ታሪኩ አጭር ነው። ሳም ካሴቶቹን ሊወስድ የድሮ ፍቅረኛው ቤት ይሄዳል፣ ድግስ አለ፣ ጓዳ ገብቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጠዋት ሲነሳ ግድግዳው ደም ነው። ከዚያ ወዲያ ከፓሪስ አንድ ሕንፃ አይወጣም። ቤት ለቤት እየዞረ ምግብ ይለቅማል፣ ይቆጥራል፣ ይደለድላል፣ ዝናብ ያጠራቅማል። ዞምቢዎቹ ድምፅ የላቸውም፣ አያጓሩም። አንዱ አሳንሰር ውስጥ ተዘግቶበታል፣ ሳም ወንበር ይዞ ፊቱ ተቀምጦ ያወራዋል።

እኛ ብሎክ አሳንሰር የለም። ግን አራተኛ ፎቅ ለምትኖር ሴት ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ ደረጃ መቁጠር ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። በዚህ ፊልም ላይ ማንም ሰው «እንዲህ አይደረግም» ብሎ አልተከራከረም። የተከራከርነው ስለ ሮቶ ነው፦ ሰውየው ስንት ሊትር ቢይዝ ስንት ቀን ይበቃዋል? ግማሽ ሰዓት ወሰደብን።

የሚያስለቅስ ዞምቢ ፊልም አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

አለ። የ2024 የኖርዌይ ፊልም ነው፣ «ሀንድሊንግ ዘ አንዴድ» ይባላል። ዮን አይቪዴ ሊንድክቪስት የተባለው ስዊድናዊ በ2005 ከጻፈው ልብ ወለድ የመጣ ነው። መጽሐፉ ስቶክሆልም ነው፣ መንግሥቱም ሐኪሙም ሕዝቡም አሉበት። ፊልሙ ወደ ኦስሎ ወሰደውና ያን ሁሉ ገፎ ሦስት ቤተሰብ ብቻ አስቀረ። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። አንድ አያት የልጅ ልጃቸውን መቃብር ቆፍረው ያወጡታል፣ ቤት ያመጡታል።

ያን ቀን ልጃቸውን ከቀበሩ ዓመት ያልሞላቸው አንድ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሳውቅ ደነገጥኩ፣ ላቆመው ፈለግሁ። በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፣ ቀጥይ አሉ። ሲያልቅ ማንም ቃል ሳይናገር እሳቸው ቀድመው «እኔም ብሆን አወጣው ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ውይይት አላደረግንም። ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

የጣሊያኑን «ዴላሞርቴ ዴላሞሬ»ንም እዚሁ ላንሳው፣ በ1994 ከቲዚያኖ ስክላቪ ልብ ወለድ የተሠራ ነው። የመቃብር ጠባቂ ታሪክ ነው፣ የተቀበሩት በሰባት ቀን ይነሱበታል። ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ ብሎ ሙታኑን ለሚቆጥር ሕዝብ ይህ «ሰባት» ብቻውን ይበቃል። ፊልሙ ግን እርቃን ስለሚበዛበት ኮሚናል ውስጥ አላሳየሁትም።

«ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን ለምን ዘለላችሁት?

ከመጽሐፍ ስላልተወሰደ ነው። ማየት ለሚፈልግ ግን በነፃ ይገኛል። አከፋፋዩ የፊልሙን ስም ሲቀይር የባለቤትነት መብት ምልክቱን ሳያስገባ ስለቀረ፣ አሜሪካ ውስጥ ፊልሙ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የሕዝብ ሆነ። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አያስታውቅም።

የሞተ ሰው ተነሳ ማለት ከሃይማኖት ጋር አይጋጭም?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች በቅንነት ነው የሚጠይቁት፣ እኔም በቅንነት እመልሳለሁ። ዞምቢ ትንሣኤ አይደለም። ትንሣኤ ሰውን ሙሉ አድርጎ መመለስ ነው። ዞምቢ ከሰው ሁሉ ነገር ተወስዶ ሆድ ብቻ ሲቀር ነው። ፊልሞቹ የሚያዝኑትም በዚያ ነው። በጾም ወቅት ግን ፊልም አናሳይም፣ ይህ የሁላችን ስምምነት ነው።

ልጆች ማየት ይችላሉ?

ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆኑትን አላስገባም። በመስኮት እንደሚያዩ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መጋረጃ ገዝተናል።

መጽሐፉን አስቀድመን እናንብብ ወይስ ፊልሙን እንይ?

«ፖንቲፑል»ን ፊልሙን አስቀድሙ። መጽሐፉ ከባድ ነው፣ ቀድማችሁ ከገባችሁበት ፊልሙን ላታዩት ትችላላችሁ። «አይ አም ሌጀንድ»ን መጽሐፉን አስቀድሙ፤ አጭር ነው፣ እንግሊዝኛውም ቀላል ነው። መጽሐፉ ውስጥ ስለ አንድ ውሻ የሚያወራ ክፍል አለ፣ የትኛውም ፊልም አልደረሰበትም። የቀሩትን እንደፈለጋችሁ። መጽሐፍ ማግኘት ለሚቸገር እኔ ያሉኝን አውሳለሁ፣ በሁለት ሳምንት ይመለስ።

እኛስ መሥራት አንችልም?

እንችላለን። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ አምስት ልጆች አሉ፣ አንዷ በሞባይል ቀርጻ ኤዲት ማድረግ ታውቃለች። ከነሱ ጋር ደጋግመን ያወራነውን ልጻፍ።

ቦታ አለን። በከተማው ዳር ያልተጠናቀቁ ብሎኮች አሉ፣ መስኮት የሌላቸው፣ ብረታቸው ወደ ሰማይ የወጣ። ከጀርባ የጤፍ ማሳ አለ። ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ መነሻውም እዚሁ ነው፣ ማታ ማታ የመኪናው መብራት ከሩቅ ሲፈስ ይታያል። ወደ ብሎኮቹ ለመግባት ግን ከጥበቃዎቹ ጋር መነጋገር፣ ከወረዳም ፈቃድ መጠየቅ አለብን። ሳያስፈቅዱ መግባት የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዓለም ካለቀ በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ፊልም በትንሽ ገንዘብ ተሠርቷል፤ «ክራምብስ» ይባላል፣ በ2015 ወጣ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፣ ዋናው ተዋናይ የኛው ዳንኤል ታደሰ። የዳሎል መሬት ራሱ ሌላ ፕላኔት ይመስላል። ዞምቢ የለበትም፣ ከመጽሐፍም አልመጣም። ግን መልክዓ ምድራችን ስንት ሥራ እንደሚሠራ ያሳያል።

ድምፅ ላይ ገንዘብ አውጡ። ይህን ከ«ፖንቲፑል» ተምሬአለሁ። ካሜራው የስልክ ቢሆን ሰው ይታገሳል። ንግግሩ ካልተሰማ ግን ተነስቶ ይሄዳል። ነፋስ የሚከለክል ማይክ ከሌለ ቱሉ ዲምቱ ላይ ከሰዓት በኋላ ውጭ መቅረጽ አይሞከርም። ጠዋት ቅረጹ።

መጽሐፉን በተመለከተ፦ የማንንም ልብ ወለድ እንዲሁ አንስቶ ፊልም ማድረግ አይቻልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን (ይህ ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው)። እንደ አዋጁ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ደራሲውን፣ እሱ ከሌለ ወራሾቹን ማነጋገር ነው። በጽሑፍ ይሁን። አጭር ልብ ወለድ ከረጅሙ ይሻላችኋል፤ የሚቆረጠው ያንሳል። አስፈሪ መሆን የለበትም ብዬም መክሬአቸዋለሁ። አንድ ቤት ውስጥ የሚካሄድ፣ ሦስት ሰው ያለበት፣ በሩ ላይ ሰው የሚያንኳኳበት ማንኛውም የአማርኛ ታሪክ ይበቃል። የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ መቀየር ብቻ ነው፣ በደራሲው ፈቃድ።

ሜካፕን አትፍሩት። ዱቄት፣ የከሰል ዱቄትና ቀይ ሥር ይበቃል። ልጆቹ በቀይ ሥር ሞክረው ያገኙት ደም ከደረቀ በኋላ ሐምራዊ ይሆናል። ትንሽ በርበሬ ጨመሩበት፣ ቀለሙ ተስተካከለ፣ ግን ዓይን አካባቢ እንዳትቀቡ። አንዱ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ፊቱን ሲታጠብ አመሸ።

ቀጣዩ መቼ ነው? ምን ይዘን እንምጣ?

ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል። «ዘ ላስት ማን ኦን ኧርዝ»ን ያላያችሁት ስለበዛችሁ እንደገና እናሳየዋለን፣ እኔ እየተረጎምኩ። መግቢያ የለውም፤ ለፕሮጀክተር ኪራይ የቻለ ያዋጣል። ወንበር ወይም በርጩማ፣ እና ጋቢ ያዙ። ኮሚናሉ መስታወቱ ስለተሰበረ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይበርዳል። ስትመለሱ የሜዳውን መንገድ ለብቻችሁ አትሂዱ፤ በብሎክ በብሎክ እየተሰበሰባችሁ፣ ባትሪ ያለው ከፊት።